አረንጓዴው ንፍጥና ብርቱካናማው ክኒን

ኅዳር ሲታጠን አዲስ አበባ ጭሷን ቶሎ አትለቅም። በየመንደሩ የተጠራቀመው ቆሻሻ፣ ደረቁ ቅጠልና ካርቶኑ ኅዳር 12 ሲነድ ይውላል፤ ጭሱ ግን ከጠዋቱ ብርድ ጋር ተደባልቆ ለቀናት በየጉሮሮው ይሰነብታል። በዚያው ሳምንት፣ መገናኛ አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ፣ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው የተከናነቡ እናት ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይዘው ባንኮኒው ጋ ቆመዋል።

“ዶክተር፣ ሳይነሴ ተነስቶብኛል። እስቲ አሞክሳሲሊን ስጠኝ” አሉት ነጭ ጋዋን የለበሰውን ወጣት።

“ስንት ቀን ሆነዎት እናቴ?”

“ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ንፍጡ አረንጓዴ ሆኗል፤ ጎንበስ ስል ግንባሬ ሊፈነዳ ይደርሳል።”

“ማዘዣ ይዘዋል?”

“ኧረ ልጄ፣ ለዚህ ደግሞ ጤና ጣቢያ ተሰልፌ ልዋል? አምናም እሱኑ ውጬ ነው የተሻለኝ።”

ወጣቱ ጥቂት አመነታ። ከእናትየው ኋላ ሰው ተሰልፏል። በመጨረሻ አሞክሳሲሊኑን ከመደርደሪያው አወረደ። ቀጥሎ በውሃ ውስጥ የሚፈላውን ብርቱካናማ ቫይታሚን ሲ ከነቱቦው አስቀመጠ። ሦስተኛው ቫይታሚን ኢ፣ ዚንክ፣ ሴሌኒየምና ቤታ ካሮቲን የያዘ፣ “አንቲኦክሲደንት” ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን ነበር። “ይሄኛው መድኃኒቱን ያግዘዋል፤ አቅምም ይሰጥዎታል” አላቸው። እናትየው ብራቸውን ቆጥረው ከፈሉ፤ ሦስቱንም በፌስታል ይዘው ወጡ። ከሦስቱ የሚወደደው የመጨረሻው ነበር።

እውነት ያግዘዋል? ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ ካነበብኩ በኋላ፣ ለእኚያ እናትና ለመሰሎቻቸው በግልጽ ሊነገር የሚገባው ነገር እንዳለ አምናለሁ። የአንቲኦክሲደንቱ ክኒን ሊያጠፋው የተሰለፈበት እሳት፣ ማለትም ኦክሲዳንት፣ የራሳችን ሰውነት ሆን ብሎ የሚያነደው መሣሪያ ነው። ንፍጡን አረንጓዴ የሚያደርገውም ያው መሣሪያ ነው።

ነገሩን ከቦታው እንጀምር። በፊታችን አጥንቶች ውስጥ ሳይነስ የሚባሉ አራት ጥንድ ባዶ ክፍሎች አሉ፦ በጉንጭ፣ በግንባር፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ አራተኛው ደግሞ ከአፍንጫ ኋላ በጥልቀት። ውስጣቸው ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ ስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ሽፋኑ ላይ ሲሊያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ፤ ነፋስ እንደሚያወዛውዘው የጤፍ ማሳ በአንድነት፣ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ ይወዛወዛሉ። ሥራቸው አቧራና ጀርም የተጣበቀበትን ፈሳሽ ወደ መውጫው መግፋት ነው። የጉንጩ ክፍል መውጫ ከታች ሳይሆን ከላይ፣ ጣሪያው አጠገብ ስለሆነ ፈሳሹ ሽቅብ መውጣት አለበት። ሲሊያዎቹ ከደከሙ ወይም ጠባቡ በር ካበጠ ፈሳሹ እዚያው ይቀራል።

ጉንፋን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቫይረሱ ሽፋኑን ያስቆጣል፣ በሩ ያብጣል፣ ክፍሉ አየር ያጥረዋል። ጭስ ሲጨመርበት ሲሊያዎቹ ይባስ ይዝላሉ። ያን ጊዜ በአፍንጫችንና በጉሮሯችን ውስጥ ጸጥ ብለው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ በተለይ ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒዬ፣ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ እና ሞራክሴላ ካታራሊስ፣ በተቋጠረው ፈሳሽ ውስጥ ይራባሉ። ቫይረስ በር ከፍቶ ባክቴሪያ ሲገባ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ራሱ የኅዳሩ ጭስ ምስክር ነው። ልማዱን ከ1911 ዓ.ም.ቱ የኅዳር በሽታ ጋር የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው፤ ዓለም የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ የሚለው ወረርሽኝ ነው። ዴቪድ ሞረንስ፣ ጄፈሪ ታውበንበርገርና አንቶኒ ፋውቺ በ2008 እ.ኤ.አ. የዚያን ዘመን የሳንባ ናሙናዎች እንደገና መርምረው፣ አብዛኛው ሰው የሞተው ቫይረሱን ተከትሎ በገባ የባክቴሪያ የሳንባ ምች ሳይሆን እንደማይቀር ጽፈዋል። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር። አንቲባዮቲክን የማከብረው ስለዚህ ነው፤ በከንቱ ሲባክን የሚያሳዝነኝም ስለዚሁ ነው።

ሆኖም በሩ በተከፈተ ቁጥር ባክቴሪያ አይገባም። ጉንፋን ከያዛቸው 100 አዋቂዎች የባክቴሪያ ሳይነስ የሚከተላቸው ቢበዛ ሁለት ያህሉ ናቸው፤ በልጆች ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሐኪም ባክቴሪያን የሚጠረጥርባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሕመሙ ሳይሻሻል 10 ቀን ካለፈው ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንስቶ 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከመግል መሰል ንፍጥ ወይም ከፊት ሕመም ጋር ሦስት አራት ቀን ከጸና ነው። ሦስተኛው ሰውየው ተሻለው ሲባል፣ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ገደማ መልሶ ከባሰበት ነው። አራተኛ ቀን፣ ትኩሳት የሌለው አረንጓዴ ንፍጥ በሦስቱም ውስጥ የለም።

የግንባር ሕመሙስ? በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት፣ ራሳቸው ወይም ሐኪማቸው “የሳይነስ ራስ ምታት” ያሉት 2,991 ሰዎች ተመርምረው 88 በመቶዎቹ የማይግሬን መመዘኛ አሟልተው ተገኝተዋል። ማይግሬን ላይ አፍንጫ ሊታፈን፣ ዓይን ሊያነባ ይችላል። በየዓመቱ ለማይግሬናቸው አሞክሳሲሊን የሚውጡ ስንት ሰዎች እንደሚኖሩ ማሰብ ያስጨንቃል።

አሁን ወደ አረንጓዴው። ባክቴሪያ ይሁን ቫይረስ፣ ጠላት ገባ ሲባል ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በብዛት ወደ ቦታው ይጎርፋሉ። እነዚህ ሕዋሳት ጀርሙን ውጠው በውስጣቸው ይዘጉበታል። ከዚያ ኦክስጅንን ወስደው ወደ ኃይለኛ ኦክሲዳንቶች ይለውጡታል፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሠራሉ። በመጨረሻም ማየሎፐርኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ያን ፐርኦክሳይድ ከክሎራይድ ጋር አዋህዶ ሃይፖክሎረስ አሲድ ያወጣል። ልብስ የምናነጣበት በረኪና ውስጥ ያለው ኬሚካል የዚህ አሲድ የቅርብ ዘመድ ነው። ይህ ኢንዛይም ብረት ያዘለ ሲሆን ቀለሙ አረንጓዴ ነው። ንፍጡ አረንጓዴ የሚሆነው ኒውትሮፊሎቹ በብዛት መጥተው ስለሞቱበት ነው። ቀለሙ የሚነግረን ውጊያ መኖሩን ነው፤ ጠላቱ ቫይረስ ይሁን ባክቴሪያ ግን አይነግረንም።

ይህ የኦክሲዳንት መሣሪያ ባይኖር ምን ይሆን ነበር? መልሱን የሚያውቁት ሳይሠራላቸው የሚወለዱ ልጆች ናቸው። ክሮኒክ ግራኑሎማተስ ዲዚዝ በተባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ኒውትሮፊሎቻቸው ጀርሙን ቢውጡትም ኦክሲዳንት አምርተው ሊገድሉት አይችሉም። እነዚህ ልጆች ሌላ ሰው ልብ በማይላቸው ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች ደጋግመው ክፉኛ ይታመማሉ። ኦክሲዳንት ሲባል እንደ መርዝ ብቻ መቁጠር የለመደ ሰው ይህን ቢያውቅ ካርቶኑን በሌላ ዓይን ያየዋል።

እርግጥ ነው፣ መሣሪያው ወገንም ይጎዳል። ውጊያው ከረዘመ ኦክሲዳንቶቹ የራሳችንን ሽፋንና ሲሊያ ማቁሰል ይጀምራሉ። ለዚህም ሰውነት መከላከያ አለው፤ ግሉታታዮን፣ ካታሌዝ፣ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚዩቴዝ፣ ዩሪክ አሲድ። ቫይታሚን ሲም ከእነሱ ጋር ይቆጠራል። እንዲያውም ነጭ የደም ሕዋሳት ቫይታሚን ሲን ከደም ፈሳሹ 50 ወይም 100 እጥፍ አብዝተው በውስጣቸው ያከማቻሉ፤ እሳት የሚጭረው ሕዋስ ራሱን ከእሳቱ የሚጠብቅበትን አብሮ ይይዛል ማለት ነው። ሁለቱን ማመጣጠን የራሱ የሰውነት ሥራ ነው፤ ሲያመጣጥንም የት፣ መቼና ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያውቃል። በአፍ የተዋጠ ክኒን ይህን አያውቅም።

የአንቲኦክሲደንት ሐሳብ ከባዶ አልተነሳም፤ ይህን መካድ ተገቢ አይሆንም። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ጤነኛው የሳይነስ ሽፋን በግሉታታዮን የበለጸገ መሆኑን፣ ለብዙ ጊዜ የቆየ ሳይነስ ባለባቸው ሰዎች ሽፋን ላይ ግን መጠኑ ዝቅ እንደሚል አይተዋል። የቆየ ሳይነስ ባለባቸው ልጆች ደም ውስጥም አንዳንድ የአንቲኦክሲደንት ቫይታሚኖች ዝቅ ብለው የተገኙባቸው ትናንሽ ጥናቶች አሉ። ግን እነዚህ ነገሮች ዝቅ በማለታቸው ነው ሕመሙ የመጣው? ወይስ ለወራት የቆየው ሕመም ነው የበላቸው? ጥናቶቹ ይህን አይለዩም። አንድ ነገር ጎደለ ማለትና ሲጨመር ይፈውሳል ማለት ይለያያሉ፤ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያሻግር ድልድይ ክኒኑን ለታማሚዎች ሰጥቶ፣ ለሌሎች አስመሳይ ክኒን ሰጥቶ ማወዳደር ነው። በአንቲባዮቲክ የሚታከም አጣዳፊ የባክቴሪያ ሳይነስን በሚመለከት ያ ድልድይ አልተሠራም። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለሕመም ማስታገሻ፣ ለጨው ውሃ እጥበትና ለአፍንጫ ስቴሮይድ ቦታ ሲሰጥ የአንቲኦክሲደንት ክኒን የለበትም።

ታዲያ ቫይታሚን ሲ እንዲህ የታመነው ከየት ነው? ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት ጆርጂ ንጥረ ነገሩን ለይቶ በማውጣትና በተያያዘ ሥራው በ1937 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ዝናውን ወደ እያንዳንዱ ቤት ያስገባው ግን ላይነስ ፖሊንግ ነው። የኬሚስትሪም የሰላምም ኖቤል የተሸለመ ሰው፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ቫይታሚን ሲና ስለ ጉንፋን መጽሐፍ ጽፎ በግራም የሚቆጠር ዶዝ በየቀኑ ውሰዱ ሲል ማን አይሰማውም? ዛሬ ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የማይጠፋው ትልቅ የቫይታሚን ብልቃጥ የዚያ መጽሐፍ የልጅ ልጅ ነው። በእኛም አገር መጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በተገኘ ሰሞን ሎሚና ነጭ ሽንኩርት እንዴት እንደተወደዱ የማያስታውስ የለም።

ፖሊንግ ያለው ተፈትኗል። ሃሪ ሄሚላና ኤልዛቤት ቾከር በ2013 እ.ኤ.አ. የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ ለሚመዝነው ኮክሬን ለተባለው ድርጅት ባዘጋጁት ግምገማ ከ11,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 29 ሙከራዎች ሰብስበዋል። ቫይታሚን ሲን በየቀኑ የሚወስድ ተራ ሰው ጉንፋን ከመያዝ አልዳነም። ሲይዘው የሚቆይበት ጊዜ ግን በአዋቂዎች 8 በመቶ፣ በልጆች 14 በመቶ አጥሯል። በማራቶን ሯጮች፣ በበረዶ ተንሸራታቾችና በብርቱ ብርድ ልምምድ በሚያደርጉ ወታደሮች ላይ ጉንፋን የመያዝ ዕድሉ በግማሽ ቀንሷል። እንጦጦ ላይ ጎህ ሲቀድ ለሚሮጡት አትሌቶቻችን ይህ ከቁም ነገር የሚገባ ወሬ ነው። ጉንፋኑ ከጀመረ በኋላ፣ ልክ እንደ መድኃኒት ቤቱ እናት፣ መውሰድ ሲጀመር ግን ወጥ የሆነ ጥቅም አልታየም። ይህ ሁሉ ደግሞ ስለ ጉንፋን እንጂ ስለ ባክቴሪያ ሳይነስ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ በማርክ ሌቪን የተመራው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጥናት ነው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሰባት ጤነኛ ወጣቶች ለወራት ሆስፒታል ተቀምጠው፣ ምግባቸው እየተለካ፣ ቫይታሚን ሲ ከትንሽ ጀምሮ እስከ 2,500 ሚሊግራም በየደረጃው ተሰጣቸው። ኒውትሮፊሎቻቸውና ሌሎቹ ነጭ የደም ሕዋሳት በቀን 100 ሚሊግራም ሲያገኙ ሞሉ፤ ከዚያ በላይ ቢጨመር አልተቀበሉም። ከ500 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ወደ ደም የገባው ትርፍ በሽንት ወጣ። በቱቦው ውስጥ ያለው አንድ የሚፈላ ክኒን ብዙውን ጊዜ 1,000 ሚሊግራም ነው።

100 ሚሊግራም ማለት ምን ያህል ነው? ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ በየማዕዱ የሚቀርበው ቃሪያ ስንግ ዋጋው አይነገርለትም እንጂ፣ 100 ግራም ጥሬ አረንጓዴ ቃሪያ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። አንድ መቶ ግራም ዘይቱን ደግሞ ከ200 ሚሊግራም በላይ ይዟል። ቲማቲም ቁርጥ ላይ የሚጨመቀው ሎሚ፣ ፓፓያው፣ ብርቱካኑም አለ። ቫይታሚን ሲ በእሳትና በውሃ ስለሚጎዳ በጥሬው የሚበላው ይሻላል። ለመብላት አቅም ያጣ፣ አትክልትና ፍራፍሬ የማያገኝ ወይም በሕመም የተጎዳ ሰው እጥረት ሊኖርበት ይችላል፤ ለእሱ ቫይታሚን መስጠት ሕክምና ነው። እዚህ ላይ የምከራከረው በሞላ ማሰሮ ላይ ስለሚጨመረው ነው።

በሞላ ላይ መጨመር ሁልጊዜ ያለ ጉዳት አያልፍም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊድን ጥናት ቫይታሚን ሲ በክኒን የሚወስዱ ወንዶች የኩላሊት ጠጠር የመያዝ ዕድላቸው ከማይወስዱት በእጥፍ ገደማ መብለጡን አሳይቷል። በውሃ የሚፈላው ዓይነት ሶዲየም አለበት፤ ጨው ቀንሱ የተባሉ የደም ግፊት ታማሚዎች ይህን ሊያውቁ ይገባል። የቤታ ካሮቲን ታሪክ ይበልጥ ከባድ ነው። በፊንላንድ 29,133 የሚያጨሱ ወንዶች የተሳተፉበት ሙከራ ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ካንሰርን ይከላከላል የተባለው ቤታ ካሮቲን የሳንባ ካንሰርን በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ካሬት የተባለው የአሜሪካው ሙከራ ደግሞ ያው ስለታየበት በ1996 እ.ኤ.አ. ከጊዜው ቀድሞ ተቋረጠ። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት የወሰዱት ስለሆነ ከአንድ ሳምንት ካርቶን ጋር እኩል አይደለም። ሆኖም ሲጋራ ለሚያጨስ ሰው ይህን ካርቶን “ምንም አያደርግህም” ብሎ መስጠት ትክክል አይደለም።

“መድኃኒቱን ያግዘዋል” የሚለው ቃልስ? በባክቴሪያው በራሱ ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚመለከት ክርክር አለ። በ2007 እ.ኤ.አ. ማይክል ኮሃንስኪና ጄምስ ኮሊንስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባክቴሪያን የሚገድሉ አንቲባዮቲኮች፣ የፔኒሲሊን ወገኖችም ጭምር፣ በባክቴሪያው ውስጥ ኦክሲዳንት እንዲመረት አድርገው ሞቱን እንደሚያፋጥኑ አሳወቁ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት የምርምር ቡድኖች አይደለም ብለው የራሳቸውን ሙከራ አቀረቡ። ክርክሩ የላቦራቶሪ ነው፤ በሰው ሳይነስ ውስጥ ያለውን አይወስንም። ግን ልብ በሉ፤ የኮሃንስኪ ቡድን ትክክል ከሆነ አንቲኦክሲደንት አንቲባዮቲኩን የሚያግዘው ሳይሆን ሥራውን የሚቀንስበት ነው። ትክክል ካልሆነም እገዛ መኖሩን አያሳይም። በሁለቱም መንገድ ወጣቱ ለእናትየው የነገራቸው አይገኝም።

የማያከራክረው ግጭት ያለው ሆድ ውስጥ ነው። ለፔኒሲሊን አለርጂ ላለባቸው አዋቂዎች ለሳይነስ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲንም በየቤቱ ይገኛል፣ ምንም እንኳ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 እ.ኤ.አ. ይህን የመድኃኒት ወገን ሌላ አማራጭ እያለ ለሳይነስ እንዳይሰጥ ቢያስጠነቅቅም። ሁለቱም በዚንክ፣ በአይረን፣ በማግኒዥየምና በካልሲየም ላይ ይጣበቃሉ፤ የተጣበቀው ወደ ደም አይገባም። “አንቲኦክሲደንት” የተባለው ካርቶን ደግሞ ዚንክ አለበት፤ ብዙዎቹ መልቲቫይታሚኖች አይረንም ይጨምራሉ። አብሮ የዋጠ ሰው አንቲባዮቲኩን ከፍሎበት በሰገራ ያስወጣዋል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከእነዚህ ማዕድናት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚወሰደው። አሞክሳሲሊን ይህ ችግር የለበትም፤ በእናትየው ላይ የደረሰው የብር ብክነት ብቻ መሆኑ ዕድል ነው።

ስለ አሞክሳሲሊኑም እንነጋገር። በ2012 እ.ኤ.አ. በሴንት ሉዊስ ከተማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አጣዳፊ የባክቴሪያ ሳይነስ አለባቸው ከተባሉ 166 አዋቂዎች ግማሹን ለ10 ቀን አሞክሳሲሊን፣ ግማሹን አስመሳይ ክኒን ሰጧቸው። በሦስተኛው ቀን ተሻለን ያሉት 37 በመቶና 34 በመቶ ነበሩ። በሰባተኛው ቀን አሞክሳሲሊን የወሰዱት 74 በመቶ፣ ሌሎቹ 56 በመቶ ሆኑ፤ በአሥረኛው ቀን ግን ልዩነቱ ጠፋ፤ 78 እና 80 በመቶ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማም ተመሳሳይ ነው፤ አንቲባዮቲክ ሳይወስዱ ከ100 ሰዎች 46ቱ በአንድ ሳምንት፣ 64ቱ በሁለት ሳምንት ድነዋል። አንቲባዮቲኩ ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 11 የሚሆኑትን ብቻ ፈጥኖ ሲያድን፣ 13 ተጨማሪ ሰዎች ላይ ተቅማጥና የመሳሰለ የጎንዮሽ ጉዳት አምጥቷል። አምና “እሱኑ ውጬ ተሻለኝ” ያሉት እናት ባይውጡትም ምናልባት ይሻላቸው ነበር።

በእርግጥ ባክቴሪያ የሆነባቸውና የከፋባቸው ሰዎች አንቲባዮቲክ ይገባቸዋል፤ ሐኪም መርጦ ሲያዝላቸው በተባሉት መጠንና ለተባሉት ቀናት ይውሰዱት። ግማሹን ውጦ የቀረውን ለጎረቤት ማካፈል ግን በፍቅር የሚሠራ ጥፋት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። በአገራችን ሕግ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይሸጥም። ነገር ግን እናትየውን ወይም ወጣቱን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ቀን ሙሉ ተሰልፎ ለመታየት ሥራ መቅረት ላለበት ሰው መድኃኒት ቤቱ ነው ሐኪም ቤቱ።

ለዚህ ነው የሚረዳው ነገር ርካሽ መሆኑ ደስ የሚለው። የጨው ውሃ እጥበት መመሪያዎቹ የሚደግፉት ነው። ሩብ ሊትር ያህል በሚይዝ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው። በአንድ አፍንጫ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ አንገትን ዘንበል አድርጎ በንጹሕ ዕቃ ማፍሰስ ነው። ውሃው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። በ2011 እ.ኤ.አ. በሉዊዚያና ግዛት ሁለት ሰዎች የቧንቧ ውሃ በቀጥታ ለዚህ ተጠቅመው ኔግሌሪያ ፋውለሪ በተባለ አሜባ ሞተዋል። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ መፍላት እንዳለበት ይመከራል፤ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃንና ደሴ ከዚያ ከፍታ በላይ ናቸው።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። አፍንጫ የሚከፍተው ጠብታ ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰደ ራሱ መታፈን ያመጣል፤ ከአምስት ቀን እንዳያልፍ። የባሕር ዛፍ እንፋሎት ለጊዜው ያሳርፋል፤ መዳንን እንደሚያፋጥን ግን አልተረጋገጠም፤ የፈላ ውሃ በልጆች ላይ የሚያደርሰው ቃጠሎ ደግሞ በየጤና ተቋሙ ይታወቃል። ዳማከሴውን ጨምቀው ለሚሰጡን እናቶቻችን ያለኝ ፍቅር አይጎድልም፤ ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ግን ከጭስ መራቅ ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል አለማቀጣጠል፣ ቡናው ሲጨስ መስኮት መክፈት፣ ሲሊያዎቹን እንዲያርፉ መተው።

ሕመሙ ከ12 ሳምንት በላይ ከቆየ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ የቆየ ሳይነስ ነው። አንቲባዮቲክ እየደጋገሙ መውሰድ አይፈታውም፤ የአንገት በላይ ሐኪም በካሜራ አይቶ የአፍንጫ ስቴሮይድ፣ እጥበት፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይመርጣል። በአንድ ወገን ብቻ የሚወጣ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ንፍጥ ከላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሥር ሊመጣ ይችላል፤ መጀመሪያ የጥርስ ሐኪም ይየው። ዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ አንገት ከገተረ፣ ትኩሳቱ ከፍ ብሎ ሰውየው ግራ ከተጋባ ወይም ከባድ ራስ ምታትና ትውከት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ ያን ጊዜ ባክቴሪያው ወደ ዓይን ጉድጓድ ወይም ወደ አንጎል ሽፋን ተሻግሮ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስፈልገውም በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክና ምናልባትም ቀዶ ሕክምና ነው።